ከብሎኬት የወረደው አልጋችን

ውዷ ዘይነባ፣ የኢክራም እናት፤

አላህ ይዘንልሽ፤ ያረፍሽበትንም ሰፊና ቀዝቃዛ ያድርግልሽ። ከተለየሽን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። የመጀመሪያው እንዴት መጥቶ እንዴት እንደሄደ አላስታውስም። በዘንድሮው ግን ኢክራም አዛኑን ሳትጠብቅ ቴምሩን ከሳህኑ እያነሳች ስትበላ እናትሽ ሲስቁ አየሁ፤ ካንቺ በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። አንቺ ስትሄጂ መዳህ እንኳ ያልጀመረች ልጅ አሁን ትሮጣለች። መሮጡ ባልከፋ፤ ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ ትወጣለች። መውረዱን ግን ገና አላወቀችበትም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው።

ፈሪነቴን ታውቂዋለሽ። «ይሄ ሰውዬ በገዛ ጥላው ይደነግጣል» እያልሽ ለእህቶችሽ በስልክ ታወሪብኝ ነበር። ያኔ ለሁለታችንም የምትደፍሪው አንቺ ስለነበርሽ ፍርሃቴ የቤታችን መሳቂያ ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ ያለችው ደፋር ኢክራም ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ የምትደፍረው ስለማታውቅ ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቄ ተቀምጬ ለሹፌር የዘይት ማጣሪያ እያወጣሁ ጆሮዬ ቤት ነው። ስደውል እናትሽ ካላነሱ ልቤ ይመታል፤ አንስተው የኢክራም ድምፅ ከጀርባ ካልተሰማኝ ደግሞ ይብስብኛል። ሕፃን ያለበት ቤት ጸጥ ሲል ሕፃኑ የሆነ ነገር ላይ ወጥቷል ማለት ነው።

አሁን ያለነው አዋሽ አይደለም፤ ሰመራ ነን። አንቺ ካለፍሽ በኋላ የአዋሽ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም። እኛ የጅቡቲ መንገድ ዳር ሰዎች ነን፤ ቤቱ ሲንቀጠቀጥ «ተሳቢ ነው» ብለን ሻያችንን እንጠጣለን። በኋላ ግን መንገዱ ላይ መኪና ሳይኖርም መንቀጥቀጡ ቀጠለ። ሱቅ ውስጥ ብሎኖቹ መደርደሪያቸው ላይ መንጫጫት ጀመሩ፤ የመኝታ ቤታችን ግድግዳም ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኢክራምን አቅፌ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ አልጋችን ሲንሸራተት በዓይኔ አየሁ። አንዱ እግሩ ከቆመበት ብሎኬት ላይ ወረደና አልጋው ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ያን ዕለት አዋሽን ለመልቀቅ ወሰንኩ።

ዛሬ ሳስበው ሳቄም ይመጣል፣ ሳልጨርሰውም ይጠፋል። ያን ቀን ያስፈራኝ መሬቱ ብቻ ነበር። አልጋው ያን ያህል ከፍ ብሎ መቆሙን፣ ከዚያ ላይም ምን ሊወድቅ እንደሚችል ቅንጣት አላሰብኩም። ብሎኬቱን ይዤ ከተማውን ለቀቅኩ።

የብሎኬቶቹን ነገር ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ኢክራምን አርግዘሽ ሆድሽ ገፍቶ ነበር። ሐሩሩ ሲከፋ ፍራሹን አውርደን ሲሚንቶው ላይ፣ በሩ አጠገብ እንተኛለን፤ የአዋሽ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው። አንድ ሌሊት ጊንጥ አንሶላ ውስጥ ገብቶ እግርሽን ነደፈሽ። ላብ በላብ ሆነሽ ከንፈርሽን ነክሰሽ ያደርሽው ለራስሽ ሳይሆን ለሆድሽ ነበር፤ በእጅሽ ሆድሽን ደግፈሽ አልለቅም አልሽ። በማግስቱ ከሱቅ ስመለስ የብረት አልጋችን ወገቤ ላይ ደርሶ አገኘሁት። ከጎረቤት ግንባታ አራት ብሎኬት ለምነሽ፣ በቁመታቸው አቁመሽ፣ በእያንዳንዱ የአልጋ እግር ሥር አስገብተሻል። በርጩማ ረግጠሽ ወጥተሽ ከላይ ቁልቁል አየሽኝና «አሁን ጊንጡ መሰላል ይዞ ይምጣ» አልሽኝ። እኔም ለመተኛት መዝለል ሊኖርብኝ ነው ብዬ አጉረመረምኩ። ልጃችን የተወለደችው፣ አንቺም የታመምሽው እዚያ አልጋ ላይ ነው።

ለቅሶሽ ላይ ከኮምቦልቻ የመጡት እናትሽ ኢክራምን አቅፈው እንደተቀመጡ አልተመለሱም። እሳቸው ባይኖሩ እኔ ምን ይውጠኝ ነበር? ዕቃችንን ወደ ሰመራ በሚሄድ መኪና ላይ ስንጭን እናትሽ እማማ ሐዋ ፍራሹም ሳይጫን ብሎኬቶቹን አስጫኑ። ሹፌሩ ሰመራ ላይ ብሎኬት የጠፋ መስሏቸው ነው ወይ ብሎ ሳቀ። እናትሽ ግን ብሎኬቶቹ እንዳይሰበሩ በመካከላቸው የራሳቸውን ጋቢ ወሸቁ። እኔም ያኔ የእርጅና ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

የሰመራው ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ጥሩ ቤት ነው፤ አልጋችንንም እዚህ ብሎኬቶቹ ላይ መልሰን አቆምነው። ጎርፍ እንዳይገባ በረንዳውን ከፍ አድርገው ስለሠሩት ወደ ግቢው የሚወረደው በአንድ ትልቅ ርምጃ ነው። ከጎናችን ሞሚና የምትባል አፋር ጎረቤት አለችን፤ ለኢክራም የፍየል ወተት ታመጣለች፤ አማርኛ ከእኔ በተሻለ ትቀልድበታለች። ሙቀቱ ያው የምታውቂው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም ወለሉ እንዲቀዘቅዝ እንደ ሁሉም ሰው ውሃ እንረጫለን። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ኢክራም በእርጥቡ ሲሚንቶ ሮጣ በቂጧ ዘፍ አለች። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ክው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚረጨው እሷ በጀርባ ስትታዘል ወይ ስትተኛ ነው፤ ወለሉም ሳይደርቅ አትለቀቅም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሌላ ሆነ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለ? አንድ ቀን በአራት እግሬ ሆኜ ቤቱን ሁሉ ዞርኩት፤ ዓለም ከኢክራም ቁመት ላይ ሆኖ ምን እንደሚመስል ልይ ብዬ ነው። ከታች ሲታይ ቤታችን ሌላ ቤት ነው። ጀሪካኑ መወጣጫ ነው፤ ከጀሪካኑ ወንበሩ፣ ከወንበሩ መስኮቱ ቅርብ ነው። ንፋስ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ክፍት የምንተወው መስኮት ማለቴ ነው። ጀሪካኖቹን ወደ ጓዳ ወሰድኩ፣ ወንበሮቹን ከመስኮቱ አራቅኩ፣ የጓዳውን በር በገመድ አሰርኩ። ሞሚና በበሩ አንገቷን አስገብታ ፍየል ጠፍቶብህ ነው ወይ አለችኝ። ያን ሁሉ ስዞር በአልጋው ሥር አልፌያለሁ፤ ብሎኬቶቹ ፊቴን ሊነኩኝ ምንም አልቀራቸውም። ግን እነሱ አንቺን ስለሚመስሉኝ አደጋ ሆነው አልታዩኝም።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኔ የፈራሁት በሌላ በኩል ዞሮ ደረሰብኝ።

ቀትር ላይ ነበር። ሰመራ በዚያ ሰዓት በሯን ዘግታ ትተኛለች፤ እኔም ሱቁን ዘግቼ ምሳ በልቼ ነበር። ኢክራም አልጋው መካከል ተኝታለች። እናትሽ ዙሁር ሊሰግዱ ወደ ሌላኛው ክፍል ገቡ፤ እኔ በረንዳ ላይ እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ተኝታለች ብዬ ነው። በዋዜማው ስትነቃ ካስተኛናት ቦታ ላይ ነበረች፤ ልጅ ግን በየቀኑ አዲስ ነገር ትችላለች፣ መቻሏንም አስቀድማ አትነግርም። የሰማሁት ድምፅ ከበድ ያለ ከረጢት ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ከዚያ በኋላ ለቅሶ መጣ ብልሽ ደስ ባለኝ። መጀመሪያ የመጣው ዝምታ ነው።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ግንባሯ ሲሚንቶው ላይ ነበር። ሳነሳት አፏ ተከፍቷል፣ ትንፋሽ ግን አልወጣም፤ ፊቷ ጠቆረ። ዘይኔ፣ በዚያች ቅጽበት አንቺን ጠራሁ። አላህን ከመጥራቴ በፊት አንቺን ጠራሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ጮኸች። ያን ጩኸት ሰምቼ አቅፌያት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እናትሽ ሰላታቸውን አቋርጠው መጡ፤ በሕይወታቸው ሰላት ሲያቋርጡ አይቼ አላውቅም። ግንባሯ ላይ የሎሚ ያህል ያበጠውን አይተው በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዙላት። ሞሚና ጩኸቱን ሰምታ ባጃጅ ይዛ መጣች።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ ገና ወጣት ናት፤ እኔን ለማረጋጋት ካሳለፈችው ጊዜ ልጅቷን የመረመረችበት ያንሳል። ራሷን ስታ ነበር ወይ፣ አስመልሷታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዓይኗን በባትሪ አየች፣ እጅና እግሯን አንቀሳቀሰች፣ አንገቷን ዳሰሰች። ደጋግሞ ካስመለሳት፣ አልነቃ ካለች፣ ወይም ሰውነቷ አልታዘዝ ካላት ሰዓት ሳትመርጡ መልሳችሁ አምጧት አለችን። ከዚያ ከየት እንደወደቀች ጠየቀችኝ። ከአልጋ አልኳት። አልጋው ምን ያህል ከፍ ይላል ስትለኝ እጄን ወገቤ ላይ አስቀመጥኩ። እጄን አየችው፤ እኔም አየሁት። ያን ጊዜ ነው ብሎኬቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ተቀምጬ።

ከሚንቀጠቀጥ መሬት አሽሽቼ ያመጣኋት ልጅ ከማይንቀጠቀጥ አልጋ ወደቀችብኝ። ይህን ለማን እነግራለሁ? ለአንቺ እንጂ።

ያን ቀን ማታውን እንዴት እንዳሳለፍነው አልዘረዝርልሽም። አላስመለሳትም፤ አልሐምዱሊላህ። ጠዋት ተነስታ ዳቦ ጠየቀች። ሊጠይቁን የመጡ ሰዎች ሁሉ ግን ነገሩን ቀላል አደረጉት። አንዱ ልጅ ወድቆ ነው የሚያድገው አለኝ። ሌላው ሕፃንን መላእክት በክንፋቸው ይቀበሉታል አለኝ። አምናለሁ፤ ያን ዕለትም የተቀበሏት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግን መላእክት የተላኩት እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ አይመስለኝም።

ከጤና ጣቢያ እንደተመለስን ብሎኬቱን እናውጣ ብያቸው ነበር። እናትሽ ፊታቸውን አዞሩ። «ጊንጡስ፣ አብዱ? ልጄን የነደፈው ልጇንም እንዲደግማት ነው?» አሉኝ። ሰመራም ጊንጥ መኖሩ እውነት ነው፤ ሞሚና በዚያው ሰሞን ከጫማዋ ውስጥ አራግፋለች። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሷ በእጇ ያቆመችው ነው። መቃብሯ አዋሽ ቀረብኝ፤ ይሄም ይቅርብኝ?» አሉ። በየጠዋቱ ብሎኬቶቹን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉ አይ ነበር፤ ለጽዳት ይመስለኝ ነበር። ዘይኔ፣ እናትሽ መቃብርሽን ነበር የሚያጸዱት። አልጋውን እንደነበረ ተውኩት።

ብሎኬቱን ትቼ ሌላ መላ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ በአልጋው ጠርዝ ትራስ ደረደርኩ፤ ኢክራም ትራሱን ደረጃ አደረገችው። ቀጥሎ አንድ ደንበኛዬ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጭንቀቴን ሰምቶ «ያለ ስፖንዳ ድንጋይ እንኳ አይጫንም፤ አንተ ልጅ ትጭናለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ በመኪና ጎን እንደሚደረገው ሁሉ አልጋው ጎን ላይ ሳንቃ አስመታሁ። ሁለት ቀን ተኝቼ አደርኩ። በሦስተኛው ስገባ ሳንቃው ጫፍ ላይ አንድ እግሯን ወዲህ፣ አንድ እግሯን ወዲያ አድርጋ እንደ ግመል ጋላቢ ተቀምጣ ትስቃለች። አሁን የምትወድቀው ከአልጋው ሳይሆን ከሳንቃው ጫፍ ነው፤ ከድጡ ወደ ማጡ። በቀስታ፣ ሳልጮህ፣ እንዳላስደነግጣት ፈገግ እያልኩ ቀረብኳት። ስይዛት ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር።

እናትሽም በበኩላቸው ኢክራምን በነጠላቸው ከወገባቸው ጋር ማሰር ጀመሩ። ሲያበስሉ ታስራ፣ ልብስ ሲያጥቡ ታስራ ቀኑ ያልፋል። ልጅቷ መሳቅ ተወች። እናትሽም ወገባቸውን እየያዙ ይነሳሉ። እኔ ሱቅ ሆኜ እደውላለሁ፤ እሳቸው «አለች፣ እዚሁ አለች» ይሉኛል። እኛ ስንፈራ እሷ ታሰረች። አንቺ ይህን ብታዪ ምን እንደምትይን አውቃለሁ፤ ሁለታችንንም ነበር የምታስሪን።

ነገሩን የፈታሁት እኔ አይደለሁም። አንድ ጠዋት ሱቅ ልከፍት ጫማዬን እያራገፍኩ ነበር። ኢክራም ገና ነቅታ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሯን አንጠልጥላለች፤ እናትሽ በአንድ እጃቸው ይዘዋት በሌላው እንደልማዳቸው ብሎኬቱን ይወለውላሉ። ድንገት ጨርቁ ቆመ። ከብሎኬቱ ቀዳዳ ውስጥ፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ባዶ ጉድጓድ፣ ቢጫ ጊንጥ ጭራውን አጥፎ ወጣ። መሬት አልወረደም። በዚያ በሸካራው ብሎኬት ላይ ሽቅብ ወጣ፤ አንድም ጊዜ አልተንሸራተተም። የአልጋው እግር ጋ ደርሶ ቆመ። ከዚያ በላይ የኢክራም ተረከዝ ነበር።

ልጅቷን ከእጃቸው መንጨቄን አስታውሳለሁ። ጊንጡን በያዝኩት ጫማ መታሁት፤ ከሞተም በኋላ መታሁት። ዘወር ስል እናትሽ መሬት ላይ ተቀምጠው ቀዳዳውን ያያሉ። እኔም ያየሁት እሱን ነው። መሰላል ይዞ ይምጣ ብለሽ ነበር፤ መሰላል አላስፈለገውም። ቤት ሠርተን፣ ጥላ ሰጥተን፣ በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዘን ያኖርነው እኛው ነን። ስንቱ ጊንጥ በስንቱ ቀን በዚያ ወጥቶ እንደወረደ አላህ ይወቅ።

ተሳስተሽ ነበር ልልሽ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሆነሽ ያን ሁሉ ብሎኬት ያነሳሽው እውቀት ስለነበረሽ ሳይሆን ስለፈራሽ ነው። እኔንም ከተማ ያስለቀቀኝ ያው ፍርሃት ነው። ያን ጠዋት ያሳዘነኝ በዚህ አብረን መሳቅ አለመቻላችን ነው፤ አንቺ ብትኖሪ እስከ መግሪብ ሰላት ትስቂበት ነበር።

እናትሽ ከመሬት ተነሱ። ከዚያ ኢክራምን ለሞሚና እንድሰጣት ነገሩኝና «ና፣ አልጋውን አንሳልኝ» አሉኝ። እኔ ልጎንበስ ስል እምቢ አሉ። እኔ እያነሳሁ እሳቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ለእያንዳንዱ ቢስሚላህ እያሉ፣ ብሎኬቶቹን በገዛ እጃቸው ጎትተው አወጡ። የመጨረሻውን ሲያወጡ እቅፍ አድርገውት አለቀሱ። አላባበልኳቸውም፤ አልጋውን እንደያዝኩ እኔም አለቀስኩ። አልጋው መሬት ሲነካ ቤቱ ሰፊ ሆነ። ፍራሹ ጉልበቴ ጋ እንኳ አይደርስም።

ጊንጡ ቀርቷል ማለት ግን አይደለም፤ እናትሽም በቃል ብቻ የሚረኩ ሰው አይደሉም። መላው የተገኘው ከጓዳ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ኢክራም ያደገችው በዱቄት ወተት ነው፤ እናትሽ ጣሳዎቹን አልጣሉም፣ ምስርና ስኳር ያደርጉባቸው ነበር። አራቱን አጠብናቸውና በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የአልጋ እግር አቆምን። የጣሳው ጎን ልሙጥ ነው፤ ጥፍር የሚይዝበት ሸካራ ነገር የለውም። አልጋውን ከግድግዳው አራቅነው። አንሶላና አጎበሩ መሬት እንዳይነካ ወደ ፍራሹ ሥር ይወሸቃል፤ ከመተኛታችን በፊትም ሁሉንም አራግፈን በባትሪ እናያለን። ከአልጋው ሥር ያለው ወለል ላይ አሮጌ ምንጣፍ አጥፌ ዘርግቻለሁ፤ እሱንም በየቀኑ አነሳና አራግፋለሁ። ወተትሽን የተካው ጣሳ አሁን አልጋሽን ተሸክሟል።

አሁንም ወድቃለች፤ አልዋሽሽም። ከአልጋው ተንከባላ ምንጣፉ ላይ ዱብ አለችና ዞር ዞር ብላ አየችን፤ ማን ጣለኝ የምትል ትመስል ነበር። ከዚያ ተመልሳ ወጣች። እናትሽ «ይሄ መውደቅ አይደለም፣ መውረድ ነው» አሉ። እኔ ግን አሁንም ተኝታ ጥያት አልወጣም፤ በሩን እንኳ ዞር ብዬ ሳላይ አላልፍም። ነጠላውም ተፈቷል። መሳቋ ተመልሷል።

ብሎኬቶችሽስ ብትዪ፣ አልተጣሉም። እናትሽ ያን ያህል አልጨከኑም፣ እኔም አልጨከንኩም። ቀዳዳቸውን በሲሚንቶ ደፈንኩና በረንዳው ሥር፣ ያ ትልቅ ርምጃ የነበረበት ቦታ ላይ አጋድሜ ገነባኋቸው። አሁን ደረጃ ሆነዋል፤ ለኢክራም እግር ልክ ናቸው። በፊቷ እንድትወርድ አልፈቅድላትም። በሆዷ ተኝታ፣ እግሯን አስቀድማ፣ ወደ ኋላ እንድትወርድ ነው የማስተምራት። ለማስተማር ደግሞ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያህል ሰውዬ በረንዳ ላይ በሆዱ ተኝቶ እግሩን እያወራጨ ወደ ኋላ ሲሳብ ሞሚና አየችና እንባዋ እስኪወጣ ሳቀች። እናትሽም ሳቁ። ፈሪው ባልሽ እንደገና የቤቱ መሳቂያ ሆኗል፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

ለዕቃ ወደ አዋሽ ስሄድ መቃብርሽ ጋ እመጣለሁ፤ ዱዓ አድርጌ እመለሳለሁ። እናትሽም በሚቀጥለው አብረውኝ ሊመጡ ተስማምተዋል፤ ብሎኬት የሚወለውሉበት ጠዋት ስለቀረ መቃብርሽን ራሱን ማየት አማራቸው፣ ኢንሻአላህ አመጣቸዋለሁ። ስለ እኔ አትጨነቂ ልልሽ ፈለግሁ፤ ግን የሚጨነቀው እኔ ነኝ፣ እሱንም ለምጄዋለሁ።

ኢክራም ስታድግ ደረጃው ለምን ከሌላው ግድግዳ በተለየ ብሎኬት እንደተሠራ ትጠይቀኛለች። እነግራታለሁ። «እናትሽ ስለፈራችልሽ ከፍ አደረገችሽ፣ አባትሽ ስለፈራልሽ ዝቅ አደረገሽ፤ ፍርሃቱ ግን አንድ ነበር» እላታለሁ። ፊትሽን ባታስታውሰውም በየቀኑ የምትረግጠው የእጅሽን ሥራ ነው። ይህን ሳልነግራት አልሞትም፤ ቃሌ ነው።

ይህን ስጽፍልሽ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነው፤ ፀሐይዋ በርዳለች። ኢክራም ጫፉ ላይ ናት። ጀርባዋን ሰጥታኝ በሆዷ ተኝታለች። አንዷን እግሯን ወደ ታች ሰዳ ብሎኬትሽን በጣቶቿ እየፈለገች ነው። እስክሪብቶውን ላስቀምጥና አጠገቧ ልቁም። አልይዛትም፤ ግን አልርቅም።

ያንቺው አብዱ